የተናጠ ድንጋይ፦ ወርቅና ፕላቲኒየም በጥንት ባሕር ወለል ውስጥ እንዴት ይሰበሰባሉ?

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ዋልኩ። ዘመዴ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ቤት እየሠራ ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ መጣ፣ ገለበጠ፣ ሄደ። አቧራው ሳይበርድ አንዱ የቀን ሠራተኛ "ወርቅ! ወርቅ!" ብሎ ጮኸ። ሥራ ቆመ። ሲሚንቶ የሚያቦካው ልጅ አካፋውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። እውነትም አሸዋው ውስጥ ቢጫ ቅርፊት ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። እፍኝ አነሳሁና ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ልቤ ትንሽ አልዘለለም ብል ውሸት ነው።

የግንባታው ዘበኛ ግን ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነሱም። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ አካባቢ ተወልደው ያደጉ አዛውንት ናቸው። "ያንን ሳፋ አምጡልኝ" አሉ። ሁለት እፍኝ አሸዋ ጨመሩበት፣ ውሃ አደረጉበት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያሽከረክሩት ጀመር። ዘንበል ያደርጉታል፣ ያፈሳሉ፣ ውሃ ይጨምራሉ፣ ደግመው ያሽከረክሩታል። እጃቸው ሥራውን አልረሳውም። ያ ቢጫ ቅርፊት ከሁሉም ቀድሞ ከውሃው ጋር ወጣና መሬት ላይ ፈሰሰ። ሳፋው ጥግ ላይ የቀረችው እንደ ባሩድ የጠቆረች ትንሽ ደቃቅ አሸዋ ብቻ ናት።

"ወርቅ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነበር ልጄ። ወርቅን ውሃ አይወስደውም፤ ቂጡ ከባድ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው ወደ ጥቁሩ አሸዋ አስጠጉት። አሸዋው እንደ ጉንዳን ተንጠላጠለበት። ማግኔታይት ነው፣ የብረት ማዕድን። የሄደው ቢጫ ቅርፊት ደግሞ ሚካ ነው። ሚካ ቀላል ነው፤ ከውሃ ሦስት እጥፍ እንኳን የሚከብድ አይመስልም። ወርቅ ግን ውሃን በ19 እጥፍ ይከብዳል። የሳፋው ፈተና የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ሠራተኞቹ እየሳቁ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ዘበኛው አጠገብ ቁጭ አልኩ። "ጋሼ፣ እናንተ አገር ያለው እዚህ የማይኖረው ለምንድን ነው?" አልኳቸው። "የእኛ ድንጋይ ሌላ ነው። አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ አረንጓዴ ነው። እዚያም ቱሉ ዲምቱ አለ እኮ!" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ተራራ ወይም ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቀይ ኮረብታ የሌለበት አገር የለምና ስሙም ብዙ ቦታ አለ። ባሌ ተራሮች ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት፣ እኛ የምናውቀው ቱሉ ዲምቱ አለ። ወለጋ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቱሉ ዲምቱ አለ። የጂኦሎጂ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ይኼኛው ነው። "የቱሉ ዲምቱ ቀበቶ" የሚባል፣ ጥቁር አረንጓዴ ከባድ አለቶች በተርታ የተደረደሩበት አካባቢ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ቱሉ ዲምቱና የወለጋው ቱሉ ዲምቱ ስም እንጂ ሌላ የሚጋሩት ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ የልዩነታቸው ታሪክ ነው።

ለምን አሁን?

ወሬው ሁሉ ወርቅ ስለሆነ ነዋ። በመስከረም 2018 መገባደጃ የዓለም የወርቅ ዋጋ በአውንስ (31 ግራም ገደማ) ከ4,000 ዶላር አለፈ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በአንዴ ጨመረ። በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ከውጭ ንግድ ገቢ አንደኛ ሆነ። ቡናን! ይህን አባቶቻችን ቢሰሙ አያምኑም ነበር።

ስለዚህ ታክሲ ውስጥም፣ ካፌ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር እንኳን ሰው ስለ ወርቅ ያወራል። "እንትና ቤኒሻንጉል ሄዶ ሀብታም ሆነ።" "እንትና ሸኪሶ ገብቶ ገንዘቡን አቃጥሎ መጣ።" ደላላው "ወርቅ ያለበት መሬት ነው" ብሎ ፎቶ ያሳይሃል። ፎቶው ላይ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለ። የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ማለት ደግሞ፣ ጋሼ ሳፋቸው ላይ እንዳሳዩን፣ ምንም ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ድንጋዩ ከየት እንደመጣና በዕድሜው ምን እንዳሳለፈ ነው።

ወተቱ ውስጥ ያለው ቅቤ

መጀመሪያ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ወርቅ አለ። ቃሊቲም፣ ሰበታም፣ ለገጣፎም አለ። ለቤት መሠረት የምንደረድረው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ በአንድ ቶን ውስጥ ከአንድ እስከ ጥቂት ሚሊግራም ወርቅ ይይዛል። ሁለት ሚሊግራም ነው እንበል። አንድ ግራም ለማግኘት 500 ቶን ድንጋይ መፍጨት አለባችሁ። አንድ ሲኖትራክ 25 ቶን ቢጭን 20 መኪና ድንጋይ ማለት ነው። ያውም አንዲት ቅንጣት ሳትጠፋ ብትሰበሰብ! የአውንሱ ዋጋ 4,000 ዶላር ቢሆን ያቺ አንድ ግራም 129 ዶላር ገደማ ታወጣለች። የ20 ሲኖትራክ ኪራይ ስንት እንደሆነ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ወርቅ ውድ የሆነው ስለጠፋ አይደለም፤ ስለተበተነ ነው። ፕላቲኒየምም እንደዚያው። ከእግራችን በታች በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚጀምረው ማንትል የሚባለው የምድር ክፍል በአንድ ቶን ሰባት ሚሊግራም ያህል ፕላቲኒየም አለው። ሁለቱም ብረት ይወዳሉ፤ ምድር ገና ቅልጥ በነበረችበት ዘመን አብዛኛው ከብረቱ ጋር ወደ እምብርቷ ወርዷል። እኛ የምንሻማው በተረፈው ፍርፋሪ ነው።

ነገሩ ልክ እንደ ወተት ነው። ቅቤው ወተቱ ውስጥ አለ፤ ግን ተበትኖ ስላለ አታዩትም። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ቅል ውስጥ ይገባል፣ ይናጣል፣ ያኔ ቅቤው ይሰበሰባል። ሲነጠር ደግሞ የበለጠ ይጠራል። የማዕድን ማውጫ የሚባለው ቦታ ተፈጥሮ ድንጋዩን ደጋግማ የናጠችበት ቦታ ነው። አንድ ኩባንያ "ይህ ያዋጣል" የሚለው ወርቅ ብዙ ጊዜ በቶን አንድ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ከተራው ድንጋይ ጋር ሲተያይ አምስት መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ። ይህን ያህል እጥፍ በአንድ ንጠት አይገኝም።

የጥንት ውቅያኖስ ወለል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተናጠ ድንጋይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የእባብ ድንጋይ

ውቅያኖስ ስር ያለው ወለል ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭቃ አይደለም። ከሥሩ ማንትል በከፊል ይቀልጣል፣ ቅልጡ ይወጣል፣ ይጠነክራል። እንዲህ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ይሠራል። ከላይ ውሃ ውስጥ ፈስሶ እንደ ትራስ የተድቦለቦለ ባዛልት አለ። ከሱ በታች ቀጥ ብለው እንደተደረደሩ ጣውላዎች የቆሙ አለቶች አሉ። ከነሱ በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ጋብሮ፣ ከሁሉም ስር ደግሞ ራሱ ማንትሉ።

ይህ ሲሠራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንዳንዱ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተራራቀ። እኛ አዲስ አበባ ስለ ትራፊክ መጨናነቅ ስንማረር አገራችን ቀስ እያለች ባሕር እየሠራች ነው።

የውቅያኖስ ወለል ግን ብዙ አይኖርም። ከባድ ስለሆነ ተመልሶ ወደ ማንትል ይሰምጣል። ዛሬ በትልልቆቹ ውቅያኖሶች ስር ያለው ወለል ዕድሜው ከ200 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ለድንጋይ ደግሞ ይህ ገና ልጅነት ነው። አንዳንዴ ግን ሁለት አህጉሮች ሲጋጩ ከመሃላቸው ያለው ወለል ቁራጩ ሳይሰምጥ ይቀርና ወደ ላይ ተገፍቶ የብስ ላይ ይወጣል። በር ሲዘጋ መሃል ተይዞ እንደቀረ የነጠላ ጥለት አስቡት። ይህ ቁራጭ ኦፊዮላይት ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1813 ያወጣው ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ብሮንያር ነው። ከግሪክኛ ነው የወሰደው፤ የእባብ ድንጋይ ማለት ነው። ውሃ ያገኘው የማንትል አለት ሰርፐንቲናይት ወደሚባል አረንጓዴ፣ የሚያንሸራትት፣ ዥንጉርጉር ድንጋይ ይለወጣል። የእባብ ቆዳ ይመስላል።

የኦማንና የቆጵሮስ ኦፊዮላይቶች በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ያንሳል። የእኛዎቹ በጣም ይበልጧቸዋል። ከዛሬ 900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እዚህ ትልቅ ውቅያኖስ ነበረ። የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ይሉታል። ተዘጋ። ሲዘጋ ደሴቶቹ፣ እሳተ ገሞራዎቹና የወለሉ ቁርጥራጮች ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። ያ የተጨፈለቀ አገር ዛሬ ከሳዑዲ አረቢያና ከግብጽ ምሥራቃዊ በረሃ ተነስቶ በሱዳንና በኤርትራ አድርጎ ወደ ትግራይ፣ ቤኒሻንጉል፣ ወለጋና ጉጂ ይዘልቃል።

አዲስ አበባስ? አዲስ አበባ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ውስጥ የወጣ ባዛልት የደጋውን አገር አለበሰው፤ አንዳንዱ ቦታ ውፍረቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እንጦጦ መጣ፣ ወጨጫና የረር መጡ፤ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያሉት፣ ቀይ ገረጋንቲ የሚዛቅባቸው ኮረብታዎች ደግሞ ከሁሉም የቅርብ ናቸው። ሁሉም እሳተ ገሞራ ነው፣ ሁሉም ወጣት ነው። ገና ያልተናጠ ወተት በሉት።

ቅቤው ኮረሪማውን ሲወስድ

አሁን ወደ መጀመሪያው ንጠት። ቅቤ ስናነጥር ኮረሪማና ኮሰረት እንጨምራለን። ጠረኑ የት ይገባል? ቅቤው ውስጥ። ውሃው ላይ ብትጨምሩት ይህን ያህል አይዝም። ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ወርቅም እንደዚያ ናቸው። ቅልጥ አለት ውስጥ ሳሉ ድኝ ካገኙ ወደ ድኙ ይሄዳሉ። ቅልጡ ውስጥ ድኝ ሲበዛ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ የዘይት ጠብታ ለብቻው ይንጠባጠባል። በዙሪያው ያለውን ብርቅ ብረት ሁሉ ይሰበስባል። ጠብታው ውስጥ ያለው የፕላቲኒየም መጠን ከዙሪያው ቅልጥ በአሥር ሺዎች እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል።

ግን አንድ ችግር አለ። ማንትል ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል ሲቀልጥ ድኙ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ የተወሰነው እዚያው ታች ይቀራል። ብርቅ ብረቱንም ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ተራው የውቅያኖስ ባዛልት ባዶ እጁን ይወጣል ማለት ይቻላል።

ወሳኙ ሁለተኛው ማቅለጥ ነው። አንድ የውቅያኖስ ወለል ከሌላው ስር ሲሰምጥ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ውሃው ወደ ላይ ይተናል፤ ቀድሞ አንዴ የቀለጠውን ማንትል እንደገና ያቀልጠዋል። በዚህ ዙር የቀረው ድኝ ሁሉ ያልቃል። መያዣ ያጣው ፕላቲኒየም ከቅልጡ ጋር ይወጣል። ብርቅ ብረት የበዛባቸው ኦፊዮላይቶች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት፣ ከሰማጭ ወለል በላይ የተሠሩ ናቸው። የኦማኑም፣ የቆጵሮሱም፣ ከግብጽ እስከ እኛ አገር ያሉት ብዙዎቹም።

ቅልጡ ሲወጣ መንገድ ላይ ክሮማይት የሚባል ጥቁር ከባድ ማዕድን እየጣለ ይሄዳል። ጀበና ስር እንደሚዘቅጥ አተላ። ክሮማይቱ ሲዘቅጥ ኦስሚየም፣ ኢሪዲየምና ሩቴኒየም የሚባሉትን የፕላቲኒየም ዘመዶች በደቃቅ ቅንጣት አብሮ ያስቀራል፤ ቅንጣቶቹ ከፀጉር ውፍረት ያንሳሉ። ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ግን ብዙ ጊዜ ከቅልጡ ጋር ይቀጥላሉ፤ ከፍ ብለው የድኝ ጠብታ ሲያገኙ ይያዛሉ። አሳሾች ጥቁር የክሮማይት ድንጋይ ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራው ለዚህ ነው። ክሮማይቱ ራሱ ዋጋ ቢኖረውም ይበልጥ የሚፈለገው እንደ ምልክት ነው።

ባሕር ስር ያለው ምድጃ

ሁለተኛው ንጠት በውሃ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል፤ ከቅልጡ አጠገብ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ከድንጋዩ መዳብ፣ ዚንክ፣ ብርና ወርቅ ይልሳል። ከዚያ ተመልሶ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ ተመራማሪዎች ባሕር ስር ፍልውሃ አገኙ። በ1979 ደግሞ ሜክሲኮ ፊት ለፊት በፓስፊክ ስር ጥቁር ጭስ የሚያወጡ የድንጋይ ጭስ ማውጫዎች አዩ። ከውስጣቸው የሚወጣው ውሃ ሙቀት 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ያልፋል። ከላይ የተጫነው ውሃ ክብደት ስለያዘው ግን አይፈላም። ወጥቶ በረዶ ሊሆን ጥቂት ከቀረው የባሕር ውሃ ጋር ሲገናኝ የያዘውን ብረት ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ጥቁሩ ጭስ ጭስ አይደለም፤ የድኝና የብረት ዱቄት ነው።

ጎረቤታችን ቀይ ባሕርም አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አትላንቲስ ሁለት በተባለ የባሕር ስር ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ የሞቀ ጨዋማ ውሃና ዚንክ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ያለበት ጭቃ ተገኝቷል።

በኤርትራ ያለው የቢሻ ማዕድን የዚህ ዓይነቱ ምድጃ የጥንት ወንድም ነው። በዚያ በተዘጋው ውቅያኖስ ዘመን ባሕር ስር የተከማቸ የድኝ ክምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያወጡት ወርቅ ነበር፤ መዳቡና ዚንኩ በኋላ መጡ። ለምን? ክምሩ የብስ ላይ ወጥቶ ዝናብና አየር ሲያገኘው አናቱ ዛገ። መዳቡና ዚንኩ ታጥበው ወደ ታች ወረዱ። ወርቅ አይዝግም፤ የዛገው ቆብ ውስጥ ቀረ። ቀይ፣ የበሰበሰ፣ ቆርቆሮ የሚመስል ኮረብታ አይተን እናልፋለን። የጂኦሎጂ ሰው መኪናውን ያቆማል።

ግጭቱ

እኔን ከሁሉም የሚመስጠኝ ሦስተኛው ንጠት ነው። ውቅያኖሱ ተዘጋ፤ ኦፊዮላይቱ ተጨፈለቀ፤ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ከጥልቅ የሚመጣ ትኩስ ውሃ ይሮጥበት ጀመር። ይህ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ድኝ ይዟል። ወርቅ ደግሞ ትኩስ ውሃ ውስጥ የሚጓዘው ድኙን ተሳፍሮ ነው።

ውሃው ያን አረንጓዴ የእባብ ድንጋይ ሲያገኘው ሁለቱ አይስማሙም። ካርቦኑ ከሰርፐንቲናይቱ ማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ካርቦኔት ይሠራል። ሲሊካው ተለይቶ ነጭ ኳርትዝ ይሆናል። ክሮሙ ሚካ ውስጥ ገብቶ ደማቅ አረንጓዴ ያበራል። ድኙ ደግሞ ከድንጋዩ ብረት ጋር ተጋብቶ ፒራይት ይሆናል። ድኙ ሲሄድበት ወርቁ መሳፈሪያ ያጣል። እዚያው ይወርዳል። ኳርትዝ፣ ካርቦኔትና አረንጓዴ ሚካ የተቀላቀሉበት ይህ ድንጋይ ሊስትቬናይት ይባላል። ሁሉም ሊስትቬናይት ወርቅ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙው ባዶ ነው። ግን የወርቅ አሳሽ ሳያየው አያልፍም።

ይህን የሰው ልጅ ሳይንሱን ሳያውቅ ቀድሞ ደርሶበታል። ጣሊያን ቱሪን ከተማ ሙዚየም ውስጥ አንድ የግብጽ ፓፒረስ አለ። በራምሴስ አራተኛ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ የተሣለ ካርታ ነው። ዋዲ ሐማማት የሚባለውን ሸለቆ ያሳያል፤ ኮረብታዎቹን ጥቁርና ሮዝ አድርጎ ለይቷቸዋል። የወርቅ ማውጫውንም አመልክቷል። በዓለም ላይ የተረፈ ጥንታዊው የጂኦሎጂ ካርታ ይኼው ነው ይባላል። የሚገርመው፣ እዚያ አካባቢ ከወርቁ ጎን የጥንቱ ውቅያኖስ ሰርፐንቲናይት ይገኛል። ያው የእኛው ቀበቶ የሰሜን ጫፍ ነው። የፈርዖን ካርታ ሠሪና የዩብዶው ጋሼ ሳይተዋወቁ አንድ ድንጋይ አንብበዋል።

በደቡብ ጫፍ፣ ጉጂ ውስጥ ያለው ደግሞ የአዶላ ቀበቶ ነው። የለገደምቢ ወርቅ በኳርትዝ ደም ሥሮች ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት አለቶች በተፋጩበት መስመር ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው 550 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው፤ ግጭቱ እያለቀ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

የጋሼ አገር

ዩብዶ ላይ ጨዋታው ትንሽ ይለያል። እዚያ ያለው ዱናይት የሚባል የማንትል ዓይነት አለት ነው። የውቅያኖሱ ወለል ቁራጭ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ በሩሲያ ኡራልና በአላስካ እንዳሉት፣ እሳተ ገሞራ ስር ሰርጎ የገባ ቅልጥ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ተራ የምሁራን ጭቅጭቅ አይምሰላችሁ፤ ፕላቲኒየሙ የት ጥግ እንደሚፈለግ የሚወስነው እሱ ነው። የመጀመሪያው ልክ ከሆነ ክሮማይቱን ተከትለህ ትቆፍራለህ። ሁለተኛው ከሆነ መሃሉን ትፈትሻለህ፤ ቅልጡ በክብ በክብ ስለሚጠነክር። ከድንጋዩ ቅርጽ ተነስቼ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ቤቴን አላስይዝበትም።

ስለ ዩብዶ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጻፈው ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ ዱፓርክ ነበር፤ የኡራልን ፕላቲኒየም ሲያጠና የኖረ ሰው። እሱና ባልደረቦቹ ዱናይቱ አናት ላይ ያለውን ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ "ቢርቢራይት" አሉት። ከብርብር ወንዝ ስም። በዓለም የድንጋይ መዝገብ ውስጥ የወለጋ ወንዝ ስም አለ። ትምህርት ቤት ይህን ማን ነገረን?

እዚያ የመጨረሻውን ንጠት የሠራው ዝናብ ነው። ሚሊዮን ዓመታት ዘነበ። ዱናይቱ በሰበሰ፣ ቀይ አፈር ሆነ፤ የሚሟሟው ሁሉ ታጥቦ ሄደ። ፕላቲኒየሙ አይሟሟም፣ አይዝግም። አፈሩ ውስጥ ቀረ፣ ወደ ጅረቱም ወረደ። ጋሼ ልጅ ሆነው በገበቴ ያጠቡት ያን ነው። "ሽበት ይመስላል። ግራጫ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው እርሳስ ነው ብሎ ይጥለዋል" አሉኝ። የገበቴው ዙሪት በ700 ሚሊዮን ዓመት ሥራ ላይ የተጨመረች የመጨረሻዋ ንጠት ናት።

ታዲያ ዛሬ ምን ይሁን?

ወርቅ ፍለጋ የሚሄደው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ይህችን የመጨረሻዋን ንጠት ነው። ወንዝ ዳር፣ አፈር ውስጥ። ያ ያልቃል። አንድ ጅረት በጥቂት ዓመት ታጥቦ ባዶ ይሆናል፤ ሰዉ ጉድጓዱን ከፍቶ ትቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ሜርኩሪ ይጠቀማል። ወርቅ ሜርኩሪ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ በእሳት ሜርኩሪው ይተናል። የሚተነው ጭስ የሚሠራውን ሰው ነርቭ ይጎዳል፤ ወንዙ የገባው ደግሞ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ጎጆ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ምድጃ ላይ ማትነን ከሁሉም የከፋ ነው።

ከጅረቱ በላይ ያለው ምንጭ፣ ያ የተናጠው ድንጋይ፣ በአካፋ አይገኝም። ካርታ ይፈልጋል። ሰርፐንቲናይቱ የት ተሰነጠቀ? ሊስትቬናይቱ የት አለ? የዛገው ቆብ የቱ ጋ ነው? ይህን የሚሠሩ የጂኦሎጂ ምሩቃን አሉን። ብዙዎቹን የማውቃቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከሙያቸው ውጭ ሥራ ይዘው ነው። አንዱ ጓደኛዬ የሞባይል ሱቅ አለው። ቁፋሮው ሲበዛ ካርታ የሚሠራው ሰው ሱቅ ውስጥ መቀመጡ ለእኔ ያናድደኛል። ፈቃድ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የአመልካቹን ኪስ ነው ወይስ የድንጋዩን ዕድሜ? እኔ ድንጋዩን እላለሁ።

ለደላላው ደግሞ ቀላል ጥያቄ አለኝ። "ወርቅ አለበት" ያልከኝ መሬት ላይ ያለው ድንጋይ ምን ዓይነት ነው? ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ሳትርቅ ጥቁር ድንጋይና ገረጋንቲ ላይ ከሆነ ሻዩን ጨርሼ እሄዳለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ወደነበርኩበት ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ግንበኛው መጣ። አሸዋውን ዘገነ፣ በመዳፉ አሸው፣ መዳፉ ላይ የቀረውን ቢጫ ብልጭታ አየና ፊቱን ቋጠረ። "ይሄ አሸዋ ሚካ በዝቶበታል። ልስኑን ያፈራርሰዋል። ይታጠብ፣ አለዚያ ይመለስ" አለ። ዘመዴ ስልኩን አውጥቶ ሹፌሩን መፈለግ ጀመረ። ጋሼ ማግኔታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።